«ትንሽ ጀነሬተር ፈቃድ አያስፈልገውም» ለሚለው ክርክር የተሰጠ ምላሽ

ከ1 ሜጋዋት በታች የሆነ ጀነሬተር ሁሉ ከአየር ብክለት ፈቃድ ነፃ ይሁን የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለው ነው። የጸሐፊው ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ የትንሽ ሞተር ልቀት ከትልቅ የኃይል ማመንጫ አንጻር ከቁም ነገር አይገባም፤ «መጠባበቂያ» የተባለ ጀነሬተር የትም አገር ነፃ ነው፤ የፋብሪካ ሰርተፊኬት ያለውን ሞተር እንደገና መፈተሽ ትርፍ ወጪ ነው፤ የልቀት ገደቦቹ እርስ በርስ ስለሚጋጩ በዘፈቀደ የወጡ ናቸው፤ አንድ ትልቅ ከመትከል ብዙ ትንንሽ መትከል ከፈቃድ ያድናል፤ የጭስ ማጣሪያ ሞተር ይገድላል፤ ፈቃድ ማውጣት ጊዜ ይበላል። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ብዙም አንጣላም። የቀሩት ግን ሁሉም የሚመነጩት ጀነሬተርን በኪሎዋት ብቻ ከመመዘን ነው። የጭሱን ጉዳት የሚወስነው በቅድሚያ ሞተሩ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራና ጭሱ ማን አፍንጫ ሥር እንደሚወጣ ነው።

«ከቁም ነገር አይገባም» ለሚለው ሒሳቡን እንሥራ። 500 ኬቪኤ ተብሎ የሚሸጥ የናፍጣ ጀነሬተር በ0.8 ፓወር ፋክተር (ከኬቪኤው ወደ ጠቃሚ ኃይል በሚለወጠው ድርሻ) 400 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ይሰጣል። የአልተርኔተሩ (የኤሌክትሪክ አመንጪው ክፍል) ብክነት ሲታከልበት ሞተሩ በዘንጉ ላይ 425 ኪሎዋት አካባቢ ማውጣት አለበት። ሞተሩ የአሜሪካን ቲየር 3 የልቀት ደረጃ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ገደቡ ይጠብቃል) የሚያሟላ ከሆነ ናይትሮጅን ኦክሳይድና (ከዚህ በኋላ ኖክስ እንበለው) ያልተቃጠለ ሃይድሮካርቦን ተደምረው በኪሎዋት ሰዓት እስከ 4.0 ግራም ይፈቀድለታል። በሙሉ ጭነት በዓመት 500 ሰዓት ቢሠራ እስከ 850 ኪሎግራም ይለቃል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ 8,760 ሰዓት ቢሠራ ደግሞ 15 ቶን ገደማ ይደርሳል። በዚያው ጉልበት ላይ ያለ ቲየር 4 ሞተር የሚፈቀድለት 0.40 ግራም ኖክስ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ 1.5 ቶን አካባቢ ነው። የሦስቱም ኪሎዋት አንድ ነው። በኪሎዋት የሚለካ ነፃነት ሦስቱን አይለያቸውም።

ከትልቅ ማመንጫ ጋር የተደረገው ንጽጽርም የተገለበጠ ነው። ካሊፎርኒያ ለትንንሽ ማመንጫዎች ከ2007 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያጸናችው የኖክስ ገደብ በሜጋዋት ሰዓት 0.07 ፓውንድ፣ ማለትም በኪሎዋት ሰዓት 0.032 ግራም ነው። መለኪያ የተደረገውም ጥሩ የጭስ ማጽጃ የተገጠመለት ትልቅ የጋዝ ማመንጫ ነው። ስለዚህ የቲየር 3 ናፍጣ ሞተር ለእያንዳንዷ ኪሎዋት ሰዓት ከዚህ ከ100 እጥፍ በላይ መልቀቅ ይፈቀድለታል። በዚያ ላይ ትልቁ ማመንጫ ጭሱን በረጅም ማውጫ ከፍ አድርጎ ይበትነዋል፤ የጀነሬተር ቧንቧ ግን ብዙ ጊዜ ከመሬት 3 ሜትር ላይ ወደ ጎን ይተፋል። ወደ ጎን የዞረ ወይም ቋሚ የዝናብ ቆብ የተደፋበት ቧንቧ ጭሱ ወደ ላይ የሚወረወርበትን ጉልበት ይሰብረዋል። ጭሱም ከሕንፃው ጀርባ በሚፈጠረው የነፋስ ሽክርክሪት ተይዞ ወደ መስኮትና ወደ አየር ማስገቢያ ይመለሳል። ማስተካከያው ርካሽ ነው፦ ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ ከጣሪያው በላይ ማውጣትና ለዝናቡ በጭሱ ግፊት ራሱ የሚከፈት ባለ ማጠፊያ ክዳን መግጠም። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ዲያሜትሩ መስፋት እንዳለበት የሚረሳ ብዙ ነው፤ ካልሰፋ ሞተሩን የሚገፋው የጭስ ግፊት ከፋብሪካው ወሰን ያልፋል።

ሰዓቱም ለብቻው ለውጥ ያመጣል። በቴክሳስ የሂዩስተንና የጋልቬስተን አካባቢ የናፍጣ ጀነሬተርን ለሙከራ ወይም ለጥገና ብሎ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ማስነሣት የተከለከለ ነው። ጠዋት የወጣ ኖክስ ሙሉ ቀን ፀሐይ ስለሚያገኘው ከሰዓት በኋላ ኦዞን ይፈጥራል። ተመሳሳዩ የግማሽ ሰዓት ሙከራ ከቀትር በኋላ ሲደረግ ጉዳቱ ይቀንሳል፣ ወጪውም አይጨምርም።

«መጠባበቂያ የትም ነፃ ነው» የሚለው ግማሹ ልክ ነው። በአሜሪካ ደንብ መጠባበቂያ ሞተር መብራት በእርግጥ ሲጠፋ ለሚሠራበት ሰዓት ገደብ የለበትም። ለሙከራና ለጥገና ግን በዓመት 100 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ውስጥ እስከ 50 ሰዓት ድረስ ድንገተኛ ላልሆነ ሥራ ማዋል ይቻላል፤ ሆኖም በጥቅሉ የመብራት ክፍያን ለመቀነስ በከፍተኛ ጭነት ሰዓት ማስነሣት ወይም ኃይል ሸጦ ገቢ ማግኘት አይፈቀድም። የኤሌክትሪክ መረቡ ሲጨናነቅ መጠባበቂያ ሞተሮች ተጠርተው እንዲሠሩ ይፈቅድ የነበረው አንቀጽ በ2015 በፍርድ ቤት ተሽሯል። በእንግሊዝም ለመጠባበቂያነት ብቻ የተተከለ ጀነሬተር ከልቀት ገደቡ ነፃ የሚሆነው ለሙከራ በዓመት ከ50 ሰዓት በላይ ካልሠራ ነው። ነፃነቱ እንግዲህ የተሰጠው ለአጠቃቀሙ ነው። ሰዓቱ ካለፈ ሞተሩ መጠባበቂያ መሆኑ ያበቃል፤ በመደበኛ ሞተር ላይ የሚጣለው ሁሉ ይጣልበታል፤ መጠባበቂያ ነው ተብሎ በቲየር 2 ወይም በቲየር 3 የተገዛ ሞተር ደግሞ ያንን ማሟላት አይችልም።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚወድቁት በክፋት ሳይሆን በመዝገብ ጉድለት ነው። ደንቡ ወደ ዜሮ የማይመለስ ሰዓት ቆጣሪ ይጠይቃል። የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ተበላሽቶ ሲቀየር ግን አዲሱ ከዜሮ ይጀምራል፤ የድሮውን ንባብ ማንም ካልጻፈው የአምስት ዓመት ማስረጃ አብሮ ይጣላል። ሰሌዳ ከመቀየሩ በፊት የቆጣሪውን ፎቶ ማንሣት፣ በመዝገቡም ላይ የድሮውን የመጨረሻ ንባብ ከአዲሱ የመጀመሪያ ንባብ ጋር በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ማስነሣት ቀኑ፣ የመነሻውና የመድረሻው ንባብ፣ እንዲሁም ምክንያቱ ይመዝገብ። «ሠርቷል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መብራት ጠፍቶ ነው፣ ሙከራ ነው፣ ወይስ ሌላ? ምክንያቱ ያልተጻፈ ሰዓት ሁሉ በመርማሪ ዓይን ድንገተኛ ያልሆነ ሰዓት ነው።

ስለ ፋብሪካ ሰርተፊኬት የተባለው ለመደበኛ የናፍጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። አሜሪካ ሰርተፊኬት ያለውንና እንደ ፋብሪካው መመሪያ የተተከለውን ሞተር ባለቤት በየጊዜው ጭስ ለካ አትለውም። ችግሩ «ሰርተፊኬት ያለው» በሚለው ሐረግ ውስጥ የተደበቀው ነው። ሰርተፊኬቱ የሚጸናው ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ሲቆይ ነው። ኢንጀክተሩ (ነዳጅ መርጫው) በሌላ ዓይነት ከተተካ፣ የመርጫ ጊዜው ከተነካ፣ ቱርቦው ከተቀየረ፣ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ከተለወጠ ወይም ድኝ የበዛበት ናፍጣ ከተቀዳበት (የአሜሪካው ወሰን 15 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 15 እጅ ነው) ወረቀቱ ስለሌላ ሞተር የሚናገር ወረቀት ይሆናል። መርጫውን ማዘግየት ኖክስን ዝቅ ያደርጋል፤ በምትኩ ጥላሸትና የነዳጅ ፍጆታ ይጨምራል፤ ማስቀደም ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ያገለገለ ጀነሬተር ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው በሞተሩ አካል ላይ የተለጠፈው የልቀት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከሌለ፣ ወይም «ለመጠባበቂያ ብቻ» የሚል ካለበት፣ የሻጩ ወረቀት የቱንም ቢል ሰሌዳውን አይተካም።

ሰርተፊኬቱ ምን እንደለካም ማወቅ ያስፈልጋል። በቋሚ ፍጥነት የሚሠሩ ሞተሮች የሚፈተኑበት የአይኤስኦ 8178 ዲ2 ዑደት (ዓለም አቀፍ የሞተር ልቀት ፈተና) የአምስት ጭነቶች አማካይ ነው፦ ለሙሉ ጭነት 5 በመቶ፣ ለ75 በመቶ ጭነት 25፣ ለ50 እና ለ25 በመቶ ጭነት 30፣ 30፣ ለ10 በመቶ ጭነት ደግሞ 10 በመቶ ክብደት ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ በ15 በመቶ ጭነት የሚንቀሳቀስ ጀነሬተር ያንን አማካይ ያወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የጋዝ ሞተር ሲሆን ነገሩ ይጠነክራል። ባለ ሦስት መንገድ ካታሊስት (የጭስ ማጽጃ) የተገጠመለት ሞተር ኖክስንና ካርቦን ሞኖክሳይድን በአንድ ላይ የሚያጠፋው የአየርና የጋዝ ድብልቁ በጣም ጠባብ በሆነ ወሰን ውስጥ ሲቆይ ብቻ ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩ አርጅቶ ንባቡ ትንሽ ሲያፈነግጥ ሞተሩ ምንም የተለየ ድምፅ አያሰማም፤ ልቀቱ ግን ብዙ እጥፍ ይዘላል። በባዮጋዝ የሚሠራ ከሆነ በጋዙ ውስጥ ያለው ሲሎክሳን (ሲሊኮን ያለበት ውህድ) ተቃጥሎ ወደ ሲሊካ ይለወጥና ካታሊስቱን ይሸፍነዋል። አሜሪካ ሰርተፊኬት የሌላቸውን ከ500 ፈረስ ጉልበት በላይ የሆኑ ባለ ሻማ ሞተሮች በየ8,760 የሥራ ሰዓቱ ወይም በየ3 ዓመቱ፣ ቀድሞ በደረሰው፣ እንዲለኩ የምታስገድደው ለዚህ ነው። መለኪያ የሚገባበት ቀዳዳ ቧንቧው ሳይሸፈን በፊት ይበጅ፤ ከመታጠፊያ በኋላ የቧንቧው ዲያሜትር 8 እጥፍ፣ ከሚቀጥለው መታጠፊያ ወይም ከጫፉ በፊት 2 እጥፍ ቀጥ ያለ ርቀት ጥሩ ነው። ለ200 ሚሊሜትር ቧንቧ 1.6 ሜትር እና 0.4 ሜትር መሆኑ ነው።

የጸሐፊው ጠንካራ የሚመስለው ክርክር «ገደቦቹ ይጋጫሉ» የሚለው ነው። አንዱ 0.40፣ ሌላው 190፣ ሌላው 500፣ ሌላው 1,460 ይላል፤ ስለዚህ ሁሉም የግምት ነው ይለናል። ቁጥሮቹን ከነመለኪያቸው ቢጽፋቸው ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ። 0.40 በኪሎዋት ሰዓት የሚለካ ግራም ነው። የቀሩት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ደረቅ ጭስ ውስጥ ያለ ሚሊግራም ናቸው፤ እነርሱም የተጻፉት በተለያየ የኦክስጅን መጠን ነው።

ኦክስጅኑ ለምን ይጻፋል? ጭስን በንጹሕ አየር ማቅጠን ቀላል ስለሆነ ነው። የተለካውን ወደ ተፈለገው የኦክስጅን መጠን ለማምጣት ከ20.9 ላይ የሕጉን ኦክስጅን ቀንሶ፣ ከ20.9 ላይ የተለካው ኦክስጅን ተቀንሶ ለቀረው ማካፈልና በንባቡ ማባዛት ነው። መሣሪያው በ10 በመቶ ኦክስጅን 400 ፒፒኤም ኖክስ ቢያነብ፣ በ15 በመቶ ሲሰላ 5.9 ለ10.9 ተካፍሎ በ400 ሲባዛ 216 ፒፒኤም ይሆናል። ኖክስን ከፒፒኤም ወደ ሚሊግራም ለመለወጥ በ2.05 ይባዛል፤ 444 ሚሊግራም መጣ። አሁን ጀርመን ታ ሉፍት በሚባለው ደንቧ ለጋዝ ሞተር ትታወቅበት የነበረውን 500 ሚሊግራም እንይ። የተጻፈው በ5 በመቶ ኦክስጅን ነው። ወደ 15 በመቶ ሲመጣ 5.9 ለ15.9 ተካፍሎ በ500 ሲባዛ 186 ይሆናል፤ ከአውሮፓ ኅብረት 190 ጋር በተግባር አንድ ነው። የኅብረቱ የአዲስ የተፈጥሮ ጋዝ ሞተር ገደብ 95 ሲሆን ሻጮች «ግማሽ ታ ሉፍት» ከሚሉት 250 ጋር በተግባር እኩል ነው። ተጋጩ የተባሉት ቁጥሮች ሳይጋጩ ቀሩ።

ለናፍጣ ደግሞ ከሚሊግራም ወደ ግራም የሚያሻግር ጠቃሚ ግምት አለ። በኪሎዋት ሰዓት 210 ግራም ነዳጅ የሚበላ ሞተር፣ በ15 በመቶ ኦክስጅን ሲሰላ፣ ወደ 7.8 ኪዩቢክ ሜትር ደረቅ ጭስ ያወጣል። ስለዚህ የአውሮፓው የ190 ገደብ በኪሎዋት ሰዓት 1.5 ግራም ገደማ ነው። የቲየር 4ቱ 0.40 በተራው 51 ሚሊግራም አካባቢ ይሆናል። የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ በ2007 መመሪያው ከ3 እስከ 50 ሜጋዋት የሙቀት ግብዓት ላላቸውና የሲሊንደር ዲያሜትራቸው ከ400 ሚሊሜትር በታች ለሆነ የናፍጣ ሞተሮች ያስቀመጠው 1,460 ከ11 ግራም በላይ ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ትልቅም ነው፤ የመጣው ግን ከግምት ሳይሆን ከታሰበው ቴክኖሎጂ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጭስ ማጽጃን ታሳቢ ያደርጋሉ፤ የመጨረሻው ያለ ማጽጃ የሚሠራ ሞተርን።

አንድ ወጥመድ እንጨምር። የአውሮፓው ደንብ «1 ሜጋዋት» ሲል የሚገባውን የነዳጅ ሙቀት እንጂ የሚወጣውን ኤሌክትሪክ አይደለም። ያ ባለ 500 ኬቪኤ ጀነሬተር በሰዓት 100 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጠጣል፤ አንድ ሊትር 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ስላለው ሞተሩ 1 ሜጋዋት መስመር ላይ ነው። ጸሐፊው «ከ1 ሜጋዋት በታች» ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ አልነገረንም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው።

ከፋፍሎ መትከልን በተመለከተ ረጅም መልስ አያስፈልግም። አሜሪካ የምትደምረው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ባለቤት ሥር ያለውን የሁሉንም ሞተሮች የመልቀቅ አቅም ነው፤ አምስት ሞተር አምስት ጊዜ አይቆጠርም፣ አንድ ላይ ይደመራል። የአውሮፓው መመሪያ ጭሳቸው በአንድ ማውጫ የሚወጣ፣ ወይም በባለሥልጣኑ ግምት ሊወጣ ይችል የነበረ አዳዲስ ማመንጫዎችን እንደ አንድ ይቆጥራል። እንግሊዝ በ2018 ያወጣችው የጀነሬተሮች ደንብ ደግሞ የታሰበው በትክክል ይህንን ለማስቆም ነው፤ በአንድ ቦታ በርካታ ናፍጣ ጀነሬተር ደርድረው ኃይል የሚሸጡ ጣቢያዎች በዝተው ነበር።

«ማጣሪያ ሞተር ይገድላል» ለሚለው፦ ሞተር ሲሞት ብዙ ጊዜ ገዳዩ የጭነት ማነስ ነው። ማጣሪያው ችግሩን ቀድሞ ስለሚያሳይ ይወቀሳል። ለ400 ኪሎዋት የተገዛ ጀነሬተር 80 ኪሎዋት ብቻ ሲጫንበት የሲሊንደሩ ሙቀት ስለሚወርድ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ከማርሚታው መገጣጠሚያ ጥቁር ቅባት መንጠባጠብ ይጀምራል። ጥላሸት ማጣሪያ ካለው ጥላሸቱ የሚቃጠልበት ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ይታፈናል። በዩሪያ የሚሠራው ኖክስ ማጥፊያ (ኤስሲአር) ካለው ደግሞ ጭሱ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ካልደረሰ መርጫው አይከፈትም፤ ቀዝቃዛ ጭስ ላይ ቢረጭ ዩሪያው በመቀላቀያው ቧንቧ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል።

መድኃኒቱ በቅደም ተከተል ነው። አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት የሁለት ሳምንት ትክክለኛ የጭነት መዝገብ መውሰድና ጀነሬተሩን በዚያ መምረጥ፤ ጭነቱ ቀንና ሌሊት በጣም ከተለያየ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ በትይዩ ማገናኘት። ሁለተኛ፣ ወርኃዊውን ሙከራ ባዶውን አለማስነሣት። ኤንኤፍፒኤ 110 የተባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ ቢያንስ በ30 በመቶ ጭነት ለ30 ደቂቃ ይላል፤ ያንን ማሟላት ካልተቻለ በዓመት አንድ ጊዜ በሎድ ባንክ (ሰው ሠራሽ ጭነት በሚሰጥ መሣሪያ) 30 ደቂቃ በ50 በመቶ፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት በ75 በመቶ። ሦስተኛ፣ በማጣሪያው ፊትና ኋላ ያለውን የግፊት ልዩነት መከታተል፤ የጠቅላላው የጭስ ግፊት ወሰን እንደ ሞተሩ ይለያያል፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ኪሎፓስካል ነው። አራተኛ፣ ዘይቱ። አመዱ የበዛ ዘይት ማጣሪያውን በማይቃጠል አመድ ይደፍነዋል፤ ሲጄ-4 ወይም ሲኬ-4 የሚል ዘይት አመዱ እስከ 1 በመቶ የተገደበ ነው።

ጸሐፊው ማጽጃው ብዙ ዩሪያ ይፈጃል ማለቱም ግነት ነው። አንድ ግራም ኖክስ ለማጥፋት 2 ግራም ገደማ ባለ 32.5 በመቶ የዩሪያ ፈሳሽ ይበቃል። ከ4.0 ወደ 0.40 የሚያወርድ ማጽጃ በኪሎዋት ሰዓት 7 ግራም ያህል ይጠቀማል፤ በ425 ኪሎዋት በሰዓት 3 ሊትር አይሞላም፤ በክብደት ከናፍጣው 3.5 በመቶ ገደማ ነው። የሚያሳስበው መጠኑ ሳይሆን ዕድሜው ነው። በሙቅ ቦታ የሚቀመጥ ዩሪያ ይበላሻል፤ በዓመት ጥቂት ሰዓት የሚነሣ መጠባበቂያ ጀነሬተር ታንኩን ሳይጨርስ ፈሳሹ ያረጃል። በእኛ ግምት ለእውነተኛ መጠባበቂያ ኤስሲአር መግጠም ገንዘብን አለቦታው ማዋል ነው፤ ያንኑ ገንዘብ ጭስ ማውጫውን ከፍ ለማድረግና ለሎድ ባንክ ማዋል ይሻላል። በዓመት ሺህ ሰዓት ለሚሠራ ሞተር ግን ፍርዱ ይገለበጣል።

ወደ ፈቃዱ መዘግየት እንምጣ። ለእያንዳንዱ ጀነሬተር ከባዶ የሚጻፍ ፈቃድ መጠየቅ ባለሥልጣኑንም ባለቤቱንም ያደክማል፤ ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላ መንገድ አለ። ቴክሳስ በ2001 ለትንንሽ ማመንጫዎች ሁኔታዎቹ አስቀድመው የተጻፉበት መደበኛ ፈቃድ አውጥታለች፤ አመልካቹ ሁኔታዎቹን ማሟላቱን አሳይቶ ይመዘገባል። ካሊፎርኒያ ከአካባቢ ፈቃድ ነፃ የሆኑትን ማመንጫዎች በሞዴል ታረጋግጣለች፤ ሸክሙ ከገዢው ወደ አምራቹ ይዞራል። የአውሮፓው መመሪያም ፈቃድ ወይም ምዝገባ ይላል። እንዲህ ያለ አሠራር ፈቃዱን ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ማመልከቻ ሲመለስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጎደለው የታወቀ ነው። የሞተሩ (የጀነሬተሩ ሳይሆን የሞተሩ) ሞዴል፣ ተከታታይ ቁጥርና የተሠራበት ዓመት፤ በሙሉ ጭነት በሰዓት የሚበላው ነዳጅ፤ የናፍጣው የድኝ መጠን፤ የማውጫው ከፍታ፣ የውስጥ ዲያሜትር፣ የጭሱ ሙቀትና ፍሰት፤ እስከ ቅርቡ መኖሪያና አየር ማስገቢያ ያለው ርቀት። የሥራ ሰዓቱ ሳጥን ባዶ ከተተወ ሒሳቡ በ8,760 ይሠራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1995 መመሪያው ለመጠባበቂያ ሞተር 500 ሰዓት መውሰድ እንደሚቻል ገልጿል፤ ግን ሞተሩ መጠባበቂያ መሆኑ በማመልከቻው ላይ መጻፍ አለበት። ማመልከቻው የሚገባውም ሞተሩ ከመታዘዙ በፊት ነው። የማውጫውን ቦታና ከፍታ በንድፍ ላይ ማዛወር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ተገዝቶ የተተከለን ቲየር 2 ሞተር ወደ ቲየር 4 ማሳደግ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሞተር መግዛት ነው።